ሰባት ዓመት ጠብቅ ያለኝ ኮምፒውተር

እኔ ጉራ አልወድም። ማለቴ፣ የምነዛው ነገር ስለሌለኝ ሳልወደው ኖሬያለሁ። ዐሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ፣ ፈተናው ደግሞ እኔን ጨርሶኝ፣ አዳማ ከእናቴ ጋር የምኖር ሰው ነኝ። ሰሞኑን ግን አንድ ነገር ሠራሁ። ሳላወራው ብቀር ደረቴ የሚበቃኝ አይመስለኝም፤ ስለዚህ ትንሽ ታገሡኝ። መሃል ላይ ብደናቀፍም አትፍረዱብኝ። ስናገር እደናቀፋለሁ፤ ስጽፍ ደግሞ መጀመሪያ ቆም ብዬ አስብና ከዚያ እደናቀፋለሁ።

የሠራሁት ነገር ይሄ ነው፦ አንድ የኢሜይል ፕሮግራም ከኮምፒውተር ላይ አነሣሁ፤ ከዚያ መልሼ ጫንኩት።

አውቃለሁ፣ ስትሰሙት ትንሽ ነው። ጥርስ መነቀልም ሲያወሩት ትንሽ ነው።

ኮምፒውተሩ የታላቅ ወንድሜ የገመቹ ነው። እኛ ገሜ እንለዋለን። ወደ ኢንዱስትሪ ፓርኩ በሚወስደው መንገድ ላይ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ ይሠራ ነበር። ሥራ ፈላጊ ሁሉ እሱ ጋ ነው የሚሄደው፤ ማመልከቻ ይጽፍላቸዋል፣ በኢሜይል ይልክላቸዋል፣ የተበላሸ ኮምፒውተርም ይጠግናል። ባለፈው ዓመት ድንገት ታመመ፤ ብዙም ሳይቆይ ሞተ። ስለዚህኛው ክፍል ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም፤ እለፉት።

የቀብሩ ዕለት ድንኳን ውስጥ የተሰቀለው ፎቶ ከመታወቂያው ላይ ተነሥቶ የተለጠጠ ነበር። የመታወቂያ ፎቶ ታውቃላችሁ። ማንም ሰው መታወቂያው ላይ የተያዘ ሌባ ይመስላል። ገሜ ግን የተያዘ ብቻ ሳይሆን ሁሉንም ያመነ ይመስል ነበር። ሲለጠጥ ደግሞ ፊቱ እንደ ውሃ ተበተነ። እናቴ ፎቶው ፊት ቆማ ልታለቅስለት ቀና አለች። ቀጥላ፣ “ይሄን ሰውዬ አላውቀውም” ብላ ጀርባዋን ሰጠችው። ልጇን ያለቀሰችው ፊቷን ወደ ድንኳኑ ሸራ አዙራ ነው። ዓመቱን ሙሉ የቆረቆራት ይሄ ነበር። ስለ ቀብሩ ሲነሣ ስለ ሌላው አታወራም፤ “ፊቱን ሳላይ ሸኘሁት” ነው የምትለው።

ጥሩ ፎቶ ግን ነበር። አንድ ብቻ። የገሜ ጓደኛ ሙክታር አርሲ ነገሌ የእህል ነጋዴ ነው። ገሜ አንድ ጊዜ ሊጠይቀው ሄዶ፣ ገበያው መሃል የስንዴ ጆንያ ክምር ላይ ወጥቶ ተቀምጦ ሲስቅ ሙክታር በስልኩ አነሣውና በኢሜይል ላከለት። ገሜ ፎቶውን ኮምፒውተሩ ላይ አሳይቶናል። እናቴ ይታተም ስትል፣ “አፌ እንደ ጎተራ ተከፍቶ!” ብሎ እምቢ አለ። የሙክታር ስልክ ከዚያ ወዲህ ሻሸመኔ መናኸሪያ ላይ ተሰረቀ። ስለዚህ ፎቶው በዓለም ላይ ያለው የገሜ ኢሜይል ውስጥ ብቻ ነው። የኢሜይሉን የይለፍ ቃል ገሜ ለማንም አልነገረም፤ የሚያውቀው እሱና ኮምፒውተሩ ላይ ያለው የኢሜይል ፕሮግራም ናቸው። እንግዲህ አስቡት። ፎቶው ኢሜይሉ ውስጥ፣ የኢሜይሉ ቁልፍ ፕሮግራሙ ውስጥ፣ ፕሮግራሙ ኮምፒውተሩ ውስጥ፣ ኮምፒውተሩ የእማዬ ሣጥን ውስጥ፣ የሣጥኑ ቁልፍ የእማዬ አንገት ላይ።

ሙት ዓመቱ ሲቃረብ እማዬ ቁልፉን ከአንገቷ አውልቃ ሰጠችኝ። “ለእሁድ ያ የሚስቀው ይሰቀል” አለች። ገባኝ።

ኮምፒውተሩን አወጣሁ፣ ቻርጀሩን ሰካሁ፣ አበራሁት። ዓመት ሙሉ ሣጥን ውስጥ የከረመ ኮምፒውተር ከረጅም ሕመም እንደነቃ ሰው ነው፤ ዛሬ ምን ቀን እንደሆነ አያውቅም። ሰዓቱና ቀኑ አንድ የማላውቀው ዘመን ላይ ቆመዋል። የመጀመሪያ ሥራዬ ይሄን ማስተካከል ሆነ። ቀኑን እማዬን ጠየቅኳት። “ዛሬ ሚካኤል አይደል እንዴ” አለች። ዐሥራ ሁለት ብዬ ጻፍኩ። ወሩ ኅዳር ነው፤ ከመስከረም በጣቴ ቆጥሬ ሦስት ጻፍኩ። ዓመቱን ግድግዳው ላይ ካለው ካላንደር፣ ሰዓቱን ከካላንደሩ አጠገብ ካለው የግድግዳ ሰዓት ገለበጥኩ። “በራሱ ይስተካከል” የምትል ምልክት ነበረች፤ እሷን አጠፋኋት። ኮምፒውተር ስለ አዳማ ሰዓት ምን ያውቃል ብዬ። ስጨርስ ራቅ ብዬ አየሁት። ሦስት ሰዓት ከሩብ፣ ልክ እንደ ግድግዳው። በራሴ ኮራሁ። ይህ ኩራት ምን እንዳስከፈለኝ አሁን ትሰማላችሁ።

የስልኬን ኢንተርኔት አጋራሁትና የኢሜይል ፕሮግራሙን ከፈትኩ። የሙክታር መልእክት ቁልጭ ብሎ ተቀምጧል፤ ርእሱ “ሳቅህ” ይላል። ነካሁት። ነጭ። ባዶ ነጭ። ከሥሩ አንድ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ መጣ። ስልኬ ላይ ባለው መዝገበ ቃላት ቃል በቃል ስፈታው፣ ከኢሜይሉ ቤት ጋር እንዳልገናኝ የከለከለኝ የሰርተፊኬት ጉዳይ ነው። የቀረበልኝ መታወቂያ አላሳመነኝም እንደማለት ነው። የማን መታወቂያ? ልዋሽ እንዴ፣ የቀበሌ መታወቂያዬን አውጥቼ ለኮምፒውተሩ ካሜራ አሳየሁት። ገልብጬም ጀርባውን አሳየሁት። ምንም።

ወደ አቡሽ ሄድኩ። አቡሽ መናኸሪያው አጠገብ ስልክና ኮምፒውተር የሚጠግን ልጅ ነው፤ ልበ ሙሉ ነው፣ እጁም ፈጣን ነው። የሚያውቀው መድኃኒት ግን አንድ ነው፤ ፎርማት፣ ሁሉን ደምስሶ እንደ አዲስ መጀመር። ስልክህ ይግላል? ፎርማት። ድምፅ ይቆራረጣል? ፎርማት። ሚስቱ አኩርፋ እናቷ ቤት በሄደች ጊዜ ምን እንዳደረገ አልነገረኝም እንጂ እገምታለሁ። የገሜን ኮምፒውተር ከፍቶ ሲያይ ከንፈሩን መጠጠ። ሊኑክስ ነዋ። ገሜ ሌላው ሰው የሚጠቀምበትን ዊንዶውስ አይደለም የጫነው። የደንበኞቹ ፍላሽ ሁሉ ቫይረስ ተሸክሞ ስለሚመጣ፣ ቫይረስ እምብዛም የማይደፍረውን ሊኑክስን መርጦ ነበር።

“ብሮ፣ ይሄ የማይረባ ነገር ነው። ፎርማት አድርጌ አሪፍ ዊንዶውስ ልጫንልህ” አለኝ አቡሽ።

“ውስጡ ያለው ፎቶስ?”

“የቱ ፎቶ?”

ይህን ሲጠይቀኝ አንድ ጣቱ ቁልፉ ላይ ነበረች። እንዴት እንደነጠቅኩት አላስታውስም። መንገድ ላይ ስደርስ ኮምፒውተሩ ብብቴ ውስጥ፣ ቻርጀሩ ኋላዬ እንደ በግ ገመድ ይጎተት ነበር። አቡሽ በሩ ላይ ቆሞ፣ ሒሳብ አልጠየቅኩህ፣ ምን ያስሮጥሃል ይላል።

ቤት ስደርስ ኦቦ ቱሉ መጥተዋል። የእድራችን ዳኛ ናቸው፤ ወንጂ ስኳር ፋብሪካ ውስጥ በማሽን ጥገና አርጅተው ጡረታ የወጡ ሰው። ስለ ድንኳኑና ስለ ወንበሩ ከእማዬ ጋር ሊነጋገሩ ነው የመጡት፤ ሰው ለቅሶ ቤት ሲመጣ ግን ምክር ይዞ ነው የሚመጣው። ጉዳዩን ነገርኳቸው። ከዘራቸውን አገጫቸው ሥር አድርገው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

“ስማኝ ጉርባ፣ ስማኝ ልጄ” አሉ። “እኛ ማሽን እምቢ ሲል ፋብሪካውን አናፈርስም። እምቢ ያለውን ክፍል እንፈታለን፣ እናጸዳለን፣ መልሰን እንገጥማለን። ይሠራል።”

“ሁልጊዜ ይሠራል ኦቦ?”

“ይሠራል። አንድ ብሎን ይተርፍሃል። ኪስህ ታስገባለህ፣ ለአለቃ አትናገርም።”

ልብ በሉ፣ ይሄ ከአቡሽ ምክር የሚለየው በመጠን ብቻ ነው። አቡሽ ቤቱን በሙሉ እንናደው አለ፤ ኦቦ ቱሉ አንዱን ክፍል። እኛ አገር የተበላሸ ነገር ሁሉ መድኃኒቱ መንቀልና መትከል ነው። ምን ሆኖ ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። እኔም አልጠየቅኩም። ፕሮግራሙን ነቅዬ መልሼ ልተክለው ወሰንኩ።

ገሜ ፕሮግራም የሚጭነው በማውስ እየጎተተ አልነበረም። ጥቁር መስኮት ከፍቶ ትእዛዝ ይጽፋል። እንዲህ ነው፦ ፕሮግራሞቹ ሩቅ ያለ አንድ ትልቅ መጋዘን ውስጥ ተከማችተዋል። አንተ ያለህበት ሆነህ ለመጋዘን ጠባቂው ትጽፍለታለህ፤ አምጣ ካልከው ያመጣል፣ አንሣ ካልከው ያነሣል። ገሜ ሁለት መጋዘን ጠባቂዎች ነበሩት፤ አንደኛው ኤፕት ይባላል፣ ሁለተኛው ስናፕ። ሁለቱም በየራሳቸው መጋዘን ነው የሚሠሩት፤ አንዱ የሌላውን ዕቃ አያውቅም።

መስኮቱን ከፈትኩ። ምን እንደምጽፍ ግን አላውቅም። እንዲሁ ስነካካ ወደላይ የምታመለክተውን ቀስት ነካሁ፤ አንድ ትእዛዝ ብቅ አለ። እኔ አልጻፍኩትም። ደግሜ ስነካ ሌላ መጣ። ስነካ ሌላ። ገሜ የጻፋቸው ናቸው። መስኮቱ ትእዛዞቹን አንድ በአንድ አስቀምጦ ኖሯል።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆሜ ነበር። በየተራ ወደ ኋላ እየሄድኩ አነበብኳቸው። አንዷን ቃል ተሳስቶ ጽፏታል፤ አስተካክሎ እንደገና ተሳስቷል፤ እንደገና። በመጨረሻ አግኝቷታል። እኔ ገሜ የሚሳሳት ሰው መሆኑን አላውቅም ነበር። በሕይወት እያለ ከትከሻዬ ኋላ ቆሞ፣ አየህ ቀላል እኮ ነው ይለኝ ነበር። ቀላል አልነበረም ለካ። ለእሱም ቀላል አልነበረም። ዓይኔ ቢሞላም ደስ ያለኝ ይበልጣል። ፕሮግራም እንዴት እንደሚጫንና እንዴት እንደሚነሣ የተማርኩት ከእነዚያ መስመሮች ነው። ሌላ አስተማሪ አልነበረኝም።

የማንሻውን ትእዛዝ ጻፍኩ። ኤፕት የይለፍ ቃል ጠየቀኝ። የኮምፒውተሩን አውቀዋለሁ፤ ሥራ ሲበዛበት እንዳግዘው ገሜ ነግሮኛል። ስጽፍ ግን ምንም አይታይም። አንድ ፊደል የለም። ነጥብ እንኳ የለም። ቁልፎቹ ሞተዋል ብዬ ነፋሁባቸው። ኮምፒውተሩን ደፍቼ ጀርባውን ደበደብኩ። ከቁልፎቹ መሃል የብስኩት ፍርፋሪ ረገፈ። ገሜ እየበላ ነው የሚሠራው። ፍርፋሪውን ልጠርግ ስል እማዬ እጄን ያዘችኝ፤ በንጹሕ ወረቀት ጠቅልላ ይዛው ሄደች። የት እንዳስቀመጠችው እስከ ዛሬ አልጠየቅኳትም።

የይለፍ ቃሉ የማይታየው ሆን ተብሎ ነው። ሰው ከኋላህ ቆሞ እንዳያይ። ይሄ የገባኝ፣ በንዴት ሳላይ ጽፌ የማስገቢያውን ቁልፍ ስጫን እሺ ብሎ ባለፈ ጊዜ ነው። ኤፕት፣ ፕሮግራሙን ላነሣው ነው፣ እርግጠኛ ነህ ሲል ጠየቀኝ። እርግጠኛ ነኝ አልኩ። ዓይኔን ጨፍኜ እስክገልጥ አነሣው። ማፍረስ መቼም አስቸግሮ አያውቅም።

አሁን መልሰህ አምጣ አልኩት። ሄዶ ባዶ እጁን ተመለሰ። ዕቃውን በማውቀው ቦታ አጣሁት፣ የመጋዘን መዝገቤ ያረጀ ነው፣ መጀመሪያ እሱን አድስ አለኝ። እውነቱን ነው፤ ዓመት ሙሉ ሣጥን ውስጥ ነበር። አድስ አልኩት። መልስ ጻፈልኝ። በመዝገበ ቃላት ስፈታው እንዲህ ይላል፦ አዲሱ መዝገብ ገና መሥራት አልጀመረም፤ ሊጀምር ሁለት ሺህ ምናምን ቀን ይቀረዋል።

በስልኬ አካፈልኩት። ሰባት ዓመት ከምናምን።

በሕይወቴ ብዙ ቦታ ነገ ና ተብያለሁ። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ሲስተም የለም፣ መብራት ሲመጣ ና ተብያለሁ። ከሰባት ዓመት በኋላ ና ያለኝ ግን የለም። ያውም ቀኑን ቆጥሮ።

እማዬ ከጓዳ ብቅ አለች። “ደረሰ?”

“ትንሽ ጠብቅ እያለኝ ነው።”

“ለእሁድ ይደርሳል?”

“ለእሁድ... የትኛው እሁድ እንደሆነ አልገለጸልኝም” አልኳት። አየችኝ። ልጇ ሲዋሽ ፊቱ ምን እንደሚመስል የምታውቅ ሴት ናት፤ ተመልሳ ጓዳ ገባች። የዚያን ዕለት የበላሁትን አላውቅም። ቁልፉ ያለው ፕሮግራሙ ውስጥ ነው፤ ፕሮግራሙን ደግሞ በገዛ እጄ ነቅዬዋለሁ። ኦቦ ቱሉ በማግሥቱ ሲመጡ ብሎን ተረፈህ ወይ ብለው ጠየቁኝ። ኦቦ፣ ብሎኑ ብቻ አይደለም፣ ማሽኑ በሙሉ ነው የተረፈኝ አልኳቸው። ካልሆነ በመታወቂያው እንሰቅላለን አሉ፤ ቀስ ብለው ነው ያሉት። እማዬ ሰምታለች። ድስቱን የከደነችበት ድምፅ ነግሮኛል።

ሁለተኛው መጋዘን ጠባቂ ቀርቶኛል፤ ስናፕ። የመጨረሻ ተስፋዬ ስለሆነ በጣም ቀስ ብዬ ጻፍኩለት፤ ለባለሥልጣን እንደሚጻፍ። እሱም እምቢ አለኝ። ግን፣ እግዜር ይስጠው፣ ምክንያቱን ሳይቆርጥ ነገረኝ። የመጋዘኑ ሰርተፊኬት መሥራት ከጀመረበት ቀን አንተ ኋላ ነህ አለ። ሰርተፊኬቱ የጀመረበትን ቀን ጻፈ፤ ከአጠገቡ፣ አሁን የምትለው ቀን ደግሞ ይኸው ብሎ የእኔን ጻፈ። ሁለቱን ዓመታት ጎን ለጎን አየኋቸው። ከዚያ ቀና ብዬ ግድግዳው ላይ ያለውን ካላንደር አየሁ።

ሰባት ዓመት። የእኛ ዓመትና የፈረንጅ ዓመት የሚለያዩበት ሰባት ዓመት።

ፕሮግራሙ አልተበላሸም ነበር። ኤፕትም አልተበላሸም። እኔ ነኝ ኮምፒውተሩን በሐበሻ ዘመን አቆጣጠር ያስቀመጥኩት፤ እሱ ደግሞ የፈረንጅ መስሎት አመነኝ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በሩን ሁሉ የዘጋብኝ ያ የኮራሁበት ሰዓት ነው። ብቻዬን ቁጭ ብዬ ሳቅሁ። ማንም አልነገረኝም እኮ። አቡሽ አልነገረኝም፣ ኦቦ ቱሉ አልነገሩኝም። የተሳሳትኩትም ስሕተቱን ያገኘሁትም ራሴ ነኝ፤ ሁለቱም የእኔ ነው።

ቀኑን ላስተካክል እጄን ስሰነዝር ግን ቆምኩ። እንዴት ልበላችሁ... ኮምፒውተሩ አሁን ያለው ከሰባት ዓመት በፊት ነው። በእሱ አቆጣጠር ገሜ አልታመመም።

እማዬ አጠገቤ መጥታ ቆማ ኖሯል። ምን አገኘህ አለችኝ። ነገርኳት፤ ቀኑን እንደተሳሳትኩ፣ ይሄ ዕቃ ሰባት ዓመት ወደኋላ ሄዶ እንደተቀመጠ። ወደ ኮምፒውተሩ ጎንበስ አለች።

“በዚህ ቆጠራ ታዲያ ገሜ አለ?”

“አለ። አሥረኛ ክፍል ነው።”

“ያኔ ጫማ አልበቃው ብሎ ነበር” አለች። “በየወሩ እግሩ ይረዝማል።” እጇን ትከሻዬ ላይ አድርጋ ቁጥሩን አየችው። ማንበብ ብዙም አትችልም፤ ቁጥር ግን ታውቃለች። “ግፋው ልጄ” አለችኝ። “እሁድ እንግዳ አለብን።”

ገፋሁት። “በራሱ ይስተካከል” የምትለዋን ምልክት አበራኋት። ሰባት ዓመቱ በአንድ ብልጭታ አለፈ። ድምፅ እንኳ አላሰማም።

ከዚያ በኋላ ሁለቱም መጋዘን ጠባቂዎች አዲስ ተቀጣሪ ሆኑ። ኤፕትን አድስ አልኩት፣ አደሰ። አምጣ አልኩት፣ ያመጣ ጀመር። እኔ ግን ያን ሁሉ ከተንገላታሁ በኋላ በአንድ ሰው ማመን አልቻልኩም፤ ሌላ መስኮት ከፍቼ ስናፕንም አምጣ አልኩት። የአዳማ ሰው ሁለት ባጃጅ በአንድ ጊዜ ጠርቶ ቀድሞ በመጣው ይሄዳል፤ እኔም እንደዚያ። ሁለቱም መጡ። አሁን ሁለት አንድ ዓይነት የኢሜይል ፕሮግራሞች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፣ እንደ መንታ።

አንዱን ከፈትኩ። ባዶ ነው። ሙክታር የለም፣ “ሳቅህ” የለም። እንኳን ደህና መጣህ፣ ኢሜይልህንና የይለፍ ቃልህን አስገባ ይለኛል። የማላውቀውን የይለፍ ቃል። ስነቅለው ቁልፉንም አብሬ ነቅያለሁ ማለት ነው። እማዬ አጠገቤ ናት። ወደ እሷ መዞር አቃተኝ።

ከዚያ ቀስ ብዬ አሰብኩ፤ ማለቴ፣ እጄ ነው ያሰበው። ይሄ የማን ዕቃ ነው? ኤፕት ነው ያመጣው ወይስ ስናፕ? ሁለቱንም ያመጣችሁትን አሳዩኝ አልኳቸው። ከፍቼው የነበረው ስናፕ ያመጣው ነው፤ አዲስ ተከራይ፣ የራሱን ባዶ ክፍል ይዞ የመጣ። እሱን ብቻ አንሣ አልኩት። ትእዛዙን ከመጫኔ በፊት ፊደል በፊደል አነበብኩት፤ የማነሣው የትኛውን እንደሆነ ለእማዬ ጮክ ብዬ ነገርኳት። እሷ ምንም እንደማይገባት አውቃለሁ፤ ምስክር እንድትሆነኝ ነው። ተነሣ። አንድ ቀረ።

ኤፕት ያመጣውን ከፈትኩ። ትንሽ አሰበ። ከዚያ ሙክታር መጣ። የፎቶ ኮፒ ቤቱ ደንበኞች መጡ። ሁሉም እንደነበረ። ለካስ መጋዘን ጠባቂ ሲያነሣ የመጋዘኑን ዕቃ ብቻ ነው የሚያነሣው፤ የባለቤቱን ጓዝ አይነካም። ገሜ ያስቀመጠው ሁሉ ቁልፉም ጭምር ንቅንቅ አላለም።

“ሳቅህ” የሚለውን ነካሁት። ፎቶው ከላይ ወደታች ቀስ እያለ ይወርድ ጀመር። ሰማይ። የመጋዘን ቆርቆሮ። የገሜ ፀጉር። ግንባሩ። ቅንድቡ ላይ ሲደርስ መብራት ጠፋ። የዚያ ኮምፒውተር ባትሪ ያለ ገመድ አንድ ደቂቃ አይቆምም።

እኔና እማዬ ጥቁሩን መስታወት እያየን ተቀመጥን። ጎረቤት ቴሌቪዥን ይመለከቱ የነበሩ ልጆች ሲያማርሩ ይሰማል። እማዬ፣ ግንባሩ የአባቱ ነው አለች። መብራት ሲመለስ ከመጀመሪያው ጀመርኩ፤ እንደገና ሰማይ፣ እንደገና ቆርቆሮ፣ ፀጉር፣ ግንባር፣ ቅንድብ። ዓይኖቹ። ከዚያ ያ አፍ። እንደ ጎተራ የተከፈተው። እውነቱን ነበር፤ እስከ ጉሮሮው ይታያል።

ፎቶ የሚያትመው ሰውዬ የጎደለችውን የጎን ጥርስ ላስተካክል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። እንዳትነካት አልኩት። እንዲህ ያለ ቆራጥ ድምፅ እንዳለኝ ያን ቀን ነው ያወቅሁት።

እሁድ ድንኳኑ ሞላ። ሙክታር ከአርሲ ነገሌ፣ አክስቴ ከአቦምሳ መጡ። ፎቶው ከመሃሉ ምሰሶ ላይ ተሰቅሏል፤ እማዬ እስክትገባ ተሸፍኖ ነበር። ገባች፤ ሴቶቹ ከኋላዋ ተከተሏት። ኦቦ ቱሉ መሸፈኛውን አነሡ። እማዬ ፊት ለፊቱ ቆመች፣ ሁለት እጇን ዘረጋች፣ ለማልቀስ አፏን ከፈተች። ቀና ብላ አየችው። ገሜ ጆንያው ላይ ተቀምጦ ይስቃል። አሁን ለቅሶው ወጣ ስንል ሳቅ አመለጣት። ልትመልሰው ሞከረች፣ አልተመለሰላትም። ሴቶቹ ግራ ገባቸው፤ ሲያዩት እነሱንም ያዛቸው። እንባውም አብሮ ነው የሚወርደው። ኦቦ ቱሉ ሥርዓት ሊያስከብሩ ከዘራቸውን አነሡ፤ ግን ወዲያው በጋቢያቸው አፋቸውን ሸፈኑ፣ ትከሻቸው ይርገበገባል። እማዬ ልጇን ያለቀሰችው ከዚያ በኋላ ነው፤ ፊት ለፊት፣ ዓይን ዓይኑን እያየች፣ እስኪበቃት።

እኔ ሳህን ይዤ በር ላይ ቆሜያለሁ። አክስቴ ዓይኗን እየጠረገች፣ እንዲህ ያለ ፎቶ ከየት ተገኘ ብላ እማዬን ጠየቀቻት።

“ወንድሙ ነው ያመጣው” አለች እማዬ።

ስሜን አልጠራችም። ትንሹ ልጄ አላለችም። ወንድሙ አለች።

ከዚያ ሳህን መሰብሰብ ነበረብኝ፤ ሰበሰብኩ። ብዙ ሰው በዚያ ድንኳን ውስጥ ሳህን ሰብስቧል። እንደዚያን ቀን እንደ እኔ ቀጥ ብሎ የሄደ ግን ያለ አይመስለኝም።